የሴትዮዋ ዘፈን ለሜሮን ሠርግ

ሰኞ፣ ጥር 15/98። ጧት

ሦስት ቁጥር ክፍል ታጥቧል። አንሶላው ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ውሃ የለም፤ ባለ አህያ ጋሪው ዛሬም ቀረ። ድርቁ እንዲህ ከቀጠለ የሾፌሮቹን አንሶላ የማጥበው በጸሎት ነው።

ሁለቱ የአዋሳ ሰዎች፣ ሾፌሩና ረዳቱ፣ ማልደው ተነሡ። ወደ ኢሲዮሎ። ቁልፉን ሲመልሱልኝ ፊታቸውን አየሁ። ለምን እንደማይ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ደብተሬ፤ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ወንድሜን ታምራትን ነው የምፈልገው። በሃያ ዓመቱ ከቤት ወሰዱት፤ ዛሬ ሃምሳ ሊሞላው ምን ቀረው። እኔ ግን አሁንም የምመረምረው የጎረምሳ ፊት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ስደተኛው ሁሉ ወደ ናይሮቢ ሲያልፍ እኔ እዚህ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ድንበሩ ሥር አራት ክፍል ማደሪያ ከፍቼ የቀረሁት ለገበያው ይመስላቸዋል። ከአገር የሚወጣ ሰው በዚህ በር ነው የሚያልፈው። አንድ ቀን እሱም ያልፋል።

ጠይቄ አላውቅም። አያለሁ ብቻ። የማን ልጅ ነህ፣ ሰፈርህ የት ነው፣ እላለሁ። ወሬ ትወዳለች ይሉኛል። ይበሉ።

ረፋዱ ላይ ደረጀ መጣ። የአ.አ. የሰፈሬ ልጅ፣ ድሮ የከባድ መኪና ሾፌር፣ አሁን መለዋወጫ ነጋዴ። ሜሮንን ሊድር ነው፤ የካቲት 5፣ እሑድ። ደስ አለኝ። እናቷ እልፍነሽ ካረፈች ወዲህ እዚያ ቤት ሣቅ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ የመጣበትን አወጣ፤ በእነሱ ሠርግ ላይ የዘፈንኩትን ያን የእንግሊዝኛ ዘፈን ለሜሮን እንድዘፍንላት ነው። ጉሮሮዬ ዝጓል አልኩት። ዝገቱን በሻይ አውርጂው፣ ጽጌ አለኝ። ሣቅን። እሺ አልኩ።

ከሄደ በኋላ በዚያ ሙቀት በረደኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ወባ እንዳይሆን።


ረቡዕ፣ ጥር 17። ከሰዓት

ሞከርኩ። በር ዘግቼ። የመጀመሪያው ድምፅ እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ አለ፤ ሁለተኛው እሺ አለ። ሦስተኛው የእኔ አይደለም። የእሷ ነው። የሴትዮዋ።

ስለ እሷ ጽፌልሽ አላውቅም። ጥቁር አሜሪካዊት ዘፋኝ ናት። ድሮ አ.አ. ሆቴል ውስጥ ስዘፍን ባንዳችን አንድ ሸክላዋ ነበረው። የባንዱ መሪ ጋሽ ወርቁ (ነፍሱን ይማር፣ ጥሩምባ ነፊ) ከየት እንዳመጣው እንጃ። ስሟ ያለበት የሽፋኑ ጥግ ተቀዷል። ነጭ ጓንት አድርጋ፣ ወደ ጎን እየተመለከተች፣ አፏን ገጥማ። ዘፋኝ ሆና አፏን ገጥማ ፎቶ የተነሣች ሴት ከእሷ በቀር አላየሁም። ጋሽ ወርቁ እሜቴ ይላታል። እኔ ሴትዮዋ።

እንግሊዝኛ አልችልም ነበር። ጋሽ ወርቁም የሚችለው ከሸክላ የለቀመውን ያህል ነው። መርፌውን ያስቀምጣል፣ አንድ ስንኝ ይሰማል፣ ያነሣል፤ እኔ እደግማለሁ። ድምፁን እንጂ ቃሉን አልያዝኩም። ትርጉሙን እሱ ነገረኝ፤ ኮረዳ ናት፣ ቅዳሜ ለጭፈራ የሚመጣ ወዳጇን ነጭ ሸሚዝ እያጠበች ነው፣ አለ። ቅዳሜ ስትዪ ትከሻ፣ ሸሚዝ ስትዪ ፈገግ፣ አንገት ስትዪ አንገትሽን ነካ አድርገሽ ጥቅሻ። ምቱ ፈጣን ነው፤ ሽማግሌ ሳይቀር ያስነሣል።

አንድ ነገር ልንገርሽና ሣቂ። ሦስተኛው አንጓ ላይ ሸክላው ጭረት አለው። መርፌው ይዘላል፤ ሴትዮዋ ዶን፣ ዶን፣ ዶን ትላለች። ጥበቧ መስሎኝ እንዲያው አጠናሁት። ባንዱም እዚያ ጋ ቆሞ መምታት ለመደ። ሕዝቡ ከሁሉ የወደደው እሱን ነው! አብሮኝ ያጨበጭባል። የሌሎች ሆቴል ዘፋኞች ሰረቁን። ጭረት መሆኑን ያወቅነው ሸክላው ከተሰበረ በኋላ ነው፤ አንድ እንግዳ ደህናውን ሰምቶ ነገረን። ጋሽ ወርቁ ከእንግዲህማ የእኛ ነው፣ አይነካም አለ።

ባንዱ ሲበተን መዝፈን ተውኩ። ድንበር ከተሻገርኩ ወዲህማ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ ድምፄን አላወጣሁም። ሳወጣው እሷ ነዋ የምትወጣው። ዛሬ ገና ገባኝ፤ የራሴ ድምፅ ምን እንደሚመስል አላውቀውም።


ቅዳሜ፣ ጥር 20። ማታ፣ ራት ሳይቀርብ

ቸኩዬ ነው የምጽፈው። ጽሑፌን ታገሺው።

ልጄ ሀና እንደ ወትሮዋ ከሄሉ መንደር መጣች። እዚያ ት/ቤት ታስተምራለች፤ እንግሊዝኛ። በአሥር ዓመቷ ነው ይዣት የተሻገርኩት፤ እዚሁ ተምራ እዚሁ አስተማሪ ሆነች። አማርኛዋ ግማሹ ስዋሂሊ ነው። አንሶላ እያጠፍን፣ እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ለሠርጉ እየተለማመድኩ ዘፈንኩላት። ስትሰማኝ የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኗ በራ። እማ፣ አንቺ? እያለች ሣቀች፣ በእግሯ መታች። ሁለተኛው አንጓ ላይ እግሯ ቆመ። ሦስተኛው ላይ አንሶላውን ለቀቀችው።

“እማ፣ ንጎጃ፣ ቆዪ። ድገሚው። ቀስ አድርጊና ድገሚው።”

ደገምኩ። ቀስ ስል ቃል ሆነ። እኔ ጋ ድምፅ የነበረው ሁሉ እሷ ጋ ቃል ሆነ።

ሴትዮዋ ነጭ ሸሚዝ ታጥባለች። ልክ ነው፣ ጋሽ ወርቁ እስከዚህ አልዋሸም። ጎረቤት ለማን ነው ይላታል። ቅዳሜ ይመጣል ትላለች። ሰዎች ከእስር ቤት አውጥተው ወስደውታል፤ ወንዝ ዳር አግኝተውታል። ቅዳሜ የሚመጣው ሬሳው ነው። ፖሊሱ መንገድ ላይ እንዳታለቅሺ ይላታል። እሷም አላለቀስኩም ጌታዬ፣ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነው ትላለች። እስከ አንገቱ እቆልፍለታለሁ፣ የገመዱ ምልክት አይታይም፣ ቅዳሜ ሲያምርበት ታያላችሁ።

አንገት። እኔ አንገቴን ነካ አድርጌ የምጠቅሰው እዚያ ላይ ነው።

ጭረቱስ? አልኳት። ዶን፣ ዶን፣ ዶን የሚለው። ሀና አንሶላውን ከመሬት አነሣች። ስጨቀጭቃት ተናገረች። ፖሊሱ አታልቅሺ የሚላት ቦታ ነው። ዶን የእንግሊዝኛው ዶንት ስባሪ ነው፣ አት፣ አት፣ አት እያልሽ ነው የዘፈንሽው አለችኝ። ሕዝቡም እያጨበጨበ።


እሑድ፣ ጥር 21። ቀትር

እናቴ ቀትር ላይ ከደጅ አታወጣንም ነበር፤ ጋኔን በቀትር ነው የሚሄደው ትላለች። ሞያሌ ቀትሯ ረጅም ነው። ዝንብ እንኳ አይበርም። ሦስት ቁጥር ባዶ ነው፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ድምፅ ሰማሁ። እንጉርጉሮ። ሄድኩ። አልጋው ጫፍ ላይ አንሶላው ጎድጎድ ብሏል፤ ሰው ተቀምጦ እንደ ተነሣ። እኔው ነኝ ጧት የተቀመጥኩት። እኔው መሆኔን አላምንም።

ምን ፈለግሽ አልኳት። ጮክ ብዬ። አፏን ገጥማለች።

የማስበው ሟርቱን ነው። በስንት ሠርግ ላይ ዘፈንኩት! የስንቷን ሙሽራ ዓይን እያየሁ አንገቴን ነካሁ። እልፍነሽ በደህና ዕድሜዋ በኩላሊት ተቀሠፈች። የጋሽ ወርቁ ልጅ መንታ ወልዳ ሞተች፤ ሠርጓ ላይ ዘፍኛለሁ፣ በነጻ። እኔስ? ትዳሬ ሁለት ክረምት አልዘለቀም። የሀና አባት ናይሮቢ እንደ ሄደ ናይሮቢ ሆኖ ቀረ። ለራሴም ሠርግ ዘፍኜዋለሁ እኮ። ሰው በራሱ አፍ ይህን ያህል ያሟርታል?

ሀና ይሄ ዋጋ የለውም፣ ቃል ሰው አይገድልም አለች። አስተማሪ ናት፣ ትበል።

ለሜሮን አልዘፍንም። በቃ። ለደረጀ ምን እንደምለው አላውቅም።


ማክሰኞ፣ ጥር 23። ጧት

ሁለት ቀን ሙሉ የዞርኩበትን ዛሬ ልጻፈው።

በቀይ ሽብሩ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር የምንጫወተው እሑድ ከሰዓት ነበር። ፀሐይ ሳይጠልቅ ሰው ቤቱ ይገባል። ያን እሑድ አዳራሹ ሙሉ ነው። ፊት ወንበር ላይ ካድሬዎች። ይህንኑ ዘፈን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ዶን ዶን ዶን ላይ አንዱ ጠረጴዛውን በቡጢ እየመታ አጀበኝ። እኔ የሜዳ አህያ የመሰለ ባለ መስመር ቀሚስ ለብሼ እሣቃለሁ። ቤት ስገባ ታምራት የለም። እንደ ወጣሁ ነው የወሰዱት። በነጭ ሸሚዙ።

ሸሚዙን አሁን ራሴ ጨምሬበት ይሆናል። ምናልባት ሹራብ ነበር። አላስታውስም፣ አላስታውስም፣ ከዘፈኑ የትኛው የእሷ የትኛው የእኔ እንደሆነ ተደባልቆብኛል።

ሬሳ አልተሰጠንም። ወሬም አልመጣም። እናቴ ስለ ታምራት “ነበር” የሚል ቃል ቤቷ ውስጥ እንዳይነገር ከለከለች። ታምራት ይወዳል፣ ታምራት ይላል። ሱዳን ገብቷል አለች፤ ደግሞ ኬንያ። ሳታለቅስ ሞተች። እኔም አላለቀስኩም። መርዶ ያልመጣለት ሰው ይለቀስለታል እንዴ?


ሐሙስ፣ ጥር 25። ከሰዓት

ሀና በቦዳ ቦዳ ሞተር ከሄሉ መጣች፣ የሥራ ቀን ሳለ። ታሳዝናለች፤ እኔን ልትጠብቅ ነው። ሳይበር ቤት ወሰደችኝ። የዘፈኑን ቃላት ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። ኔትወርኩ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ብዙ ጥቁር ሴት ዘፋኝ መጣ፤ አበባ ያደረገች፣ ፀጉሯን የጠቀለለች፣ ጥርሷ ዕንቁ የመሰለ። የእኔዋ የለችም። ከመካከላቸው አንዷን እንኳ እሷ ናት ብዬ ልሳሳት ፈለግሁ።

ሀና አነበበችልኝ። እነዚያ ሴቶች በሚዘፍኑበት ሆቴል በፊት ለፊት በር አይገቡም ነበር አሉ፤ በወጥ ቤት በኩል ነው። ዘፍነው አልጋ አይሰጣቸውም። መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ ያድራሉ። መድረክ ላይ ግን ይሣቃሉ። መሣቅ ሥራቸው ነው።

እኛም በወጥ ቤት በኩል ነበር የምንገባው። የቀሚሴን ጫፍ ከሽንኩርት ልጣጭ እያነሣሁ። ከዚያ መብራት፣ ከዚያ ሣቅ። ሴትዮዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አልፈራኋትም። አንድ ሰዓት ያህል ብቻ።

ስንመለስ ሎኮ ደጃፍ ቁጭ ብላለች። ጎረቤቴ ናት፣ ቦረና፣ ወተት ትሸጣለች፤ በድርቁ ምክንያት አሁን ወተቱም ነጥፏል። ፊቴን አይታ “ፖሌ”፣ አይዞሽ፣ አለችኝ። ምን ሆንሽ አላለችም። የሰው ልብ የሚያርፈው እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ ነው።


ቅዳሜ፣ ጥር 27። ከሰዓት 9 ሰ.

ከደረጀ ቤት መመለሴ ነው። ነጠላዬን እንኳ አላወለቅሁም።

ልነግረው ሄድኩ። ልለማመጥ ተዘጋጅቼ። ሠርግ ሊበላሽ ነው፣ ሟርት ነው፣ ይቅር በለኝ ልል። ከጎማ ክምር አጠገብ ዱካ ላይ አስቀመጠኝ። ጀመርኩ። ዘፈኑ የጭፈራ አይደለም ደረጀ፣ የለቅሶ ነው፣ ባሏን ገድለውባት፣ አልኩት። እሱ ራሱን ነቀነቀ። አውቃለሁ አለኝ።

አውቃለሁ!

እልፍነሽ የሚሲዮን ተማሪ ነበረች፤ ረስቼው። እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ነበር የምትጠጣው። ሠርጋቸው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አባቷን ገደሉባት። የዚያ ዘመን ነገር፤ ያለቀሰ ተባባሪ ነው። ሠርጉን ቢሰርዙት ለቅሶ ተቀመጡ ይባላል። ስለዚህ ተደገሰ። እሷ ናት ለጋሽ ወርቁ ልካ ዘፈኑን ያዘዘችው። ትዝ አለኝ፤ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ቬሏ ውስጥ ታለቅሳለች። ሙሽራ ከእናት ቤት ስትወጣ ታለቅስ የለ፤ ሁሉም አየ፣ ማንም ምንም አላለም። ካድሬዎቹ አጨበጨቡላት። አባቷን ያለቀሰችው በእኔ አፍ ነው።

ከመሞቷ በፊት ለደረጀ ቃል አስገብታዋለች። ሜሮን ስታገባ ጽጌ ትዝፈንላት፤ ያኔ እኔም አባቴም አለን ማለት ነው ብላ። ሜሮንም ታውቃለች። ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቃል።

እና እኔ ተቀምጬ አፌን እንደ ከፈትኩ፣ ደረጀ ቀጠለ። ክፋት የለውም። የማውቅ መስሎት ነው። እንዲህ አለኝ፤

“ጽጌ ሙች፣ በሠርጋችን ቀን ያንቺን ጀግንነት ነው ያደነቅነው። እነሱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ለታምራት ስታለቅሺለት። እኛ ማጨብጨብ የጀመርነው እንዳይገባቸው ብለን ነው።”

የትኛው ታምራት? አልኩት። እንዲህ ያለ የጅል ጥያቄ ጠየቅሁ።

ፊቱ ተለወጠ። ጎማው ላይ ተደገፈ። ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። እልፍነሽ አባቷን ፍለጋ ሬሳ ወደ ተደረደረበት መንገድ ስትሄድ ታምራትም እዚያው ነበር። ከአባቷ ሦስተኛው። አወቀችው፤ የሰፈር ልጅ አይደል? በዚያው ቀን ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ እግሯ ላይ ወድቃ አስማለቻት። ለጽጌ እንዳይነገር። መድረክ ላይ ታለቅሳለች፣ እሷንም ይወስዱብኛል አለች። አንዱን ወሰዱ፣ ሁለተኛዋን አልሰጥም። ዘመኑ ሲያልፍ እኔው እነግራታለሁ አለቻት።

ዘመኑ አለፈ። እናቴ አልነገረችኝም። ደረጀና እልፍነሽ ግን በሠርጋቸው ስዘፍን አይተው፣ ነግራታለች ብለው አሰቡ። ያን ሁሉ ዓመት ሻይ አብረን ስንጠጣ።

ምን ብዬ እንደ ወጣሁ አላውቅም። ደረጀ ተከትሎኝ እስከ መንገዱ መጣ። ጽጌ፣ ጽጌ እያለ። አንድ የጭነት መኪና አለፈ፣ ከኢትዮጵያ በኩል። አቧራው ሸፈነን። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ነበር። ፊቱን አላየሁትም። የመጀመሪያዬ ነው።


እሑድ፣ ጥር 28

ምንም።


ሰኞ፣ ጥር 29። ጧት

በእናቴ ተናደድኩ። ሙት አይወቀስም ይላሉ፤ እወቅሳለሁ። ዕድሜዬን ድንበር ላይ አስቀመጠችኝ። የአላፊ አግዳሚውን ፊት አስመረመረችኝ። የሚበላ ሲቀርብ የእሱን ድርሻ እያነሣች፣ ታምራት ወጡን ቀጠን ያለውን ይወዳል እያለች፣ እሱ ከተማው ዳር ከእልፍነሽ አባት ሦስተኛ ተጋድሞ! እኔንማ ለማዳን ነው። አድናኛለች። ምን ላድርግበት።

ከዚያ ደግሞ ታሳዝነኛለች። አስቢው፣ ደብተሬ። እሑድ እሑድ ቀሚሴን የምትተኩሰው እሷ ነበረች። ታውቃለች፣ ትተኩሳለች፤ ሂጂ ዝፈኚ ትለኛለች፣ ፀጉሬን ታበጥራለች። በሩን ዘግታ ምን ትሆን ነበር? ጠይቄ አላውቅም። ተመልሼ ስገባ ፊቷ ሁልጊዜ የታጠበ ነው።


ረቡዕ፣ የካቲት 1። ቀትር

ሴትዮዋ ዛሬም መጣች። እንደ እብድ አትዪኝ። ሳህን እያጠብኩ ነው። ከጀርባዬ ቆማለች። ዞሬ አላየኋትም። ስምሽ ማነው አልኳት።

ስሟን አለማወቄ ከሁሉ ይቆጨኛል። ድምፅዋን ለብሼ ጎረመስኩ፣ ተዳርኩ፣ ተከበርኩ፤ እሷን ግን ሰው መሆኗን ያሰብኩት አሁን ነው። ያን ሸሚዝ ያጠበችው እሷ ራሷ ትሁን፣ እናቷ፣ ጎረቤቷ? ለቅሶዋን ጭፈራ አስመስላ በሸክላ ላይ ቀበረችው። ማንም እንዳይነቃባት። ነጮቹ እየጨፈሩ ገዙት። ባሕር ተሻግሮ፣ ተጭሮ፣ ስሙ ተቀዶ፣ አንዲት ደንቆሮ ልጅ አፍ ውስጥ ገባ። ልጅቷ ሳታውቅ ለወንድሟ አወረደችው። እልፍነሽ አውቃ ለአባቷ ተቀበለችው።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ሳያውቁ ያለቀሱትስ? ይቆጠራል?

ሀናን ጠየቅኋት። ይቆጠራል እማ አለችኝ፣ ወዲያው። ከዚያ አቀፈችኝ። ስለ አጎቷ ስነግራት ያለቀሰችው እሷ ናት፤ አይታው ሳታውቅ። እኔ ገና ነኝ። ዓይኔ ደርቋል። እንደ አገሩ።


ዓርብ፣ የካቲት 3። ከሰዓት

ደረጀ ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ። ዛሬ አስገባሁት። ከስቷል። ካልፈለግሽ አትዝፈኚ፣ እልፍነሽም ትረዳሻለች፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው አለ።  ሻይ ቀዳሁለት። ሜሮን ሠርጓን ልታዘገይ ጠይቃዋለች፤ እቴቴ ጽጌ መርዶ ሰምታ እኔ አልሞሸርም ብላ።

ይሄኔ ነው የተናደድኩት። ጮህኩበት። ሠርግ አይዘገይም! ያን ጊዜ በግድ ነበር ያልዘገየው፣ አሁን በውድ ነው። ሂድና ለልጅህ ንገራት አልኩት። እዘፍናለሁ። እንደ ድሮው፣ በፈጣኑ፣ በሣቅ። እናቷ እንደዚያ ነው የምታውቀው።

ጭረቱንስ? አለኝ። ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

ጭረቱንም።


እሑድ፣ የካቲት 5። ጧት፣ ሠርገኛ ሳይመጣ

ሰፊው የደረጀ ግቢ ከዚህ ይታያል። ድንኳኑ ከትናንት ጀምሮ ተተክሏል። ልጆች ገመዱ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ሴቶቹ በአማርኛም በኦሮምኛም ይሰድቧቸዋል። ሎኮ ከየት እንዳገኘችው እንጃ ሙሉ እቃ ወተት ተሸክማ ገባች።

ማለዳ ጉሮሮዬን ሞከርኩ። ሴትዮዋ ወጣች። ከሥሯ ሌላ ድምፅ ነበረ፤ ሻካራ፣ ትንሽ ወፍራም፣ ጫፉ የሚንቀጠቀጥ። የሚያምር አይደለም። ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ። ሁለቱ አብረው ይሂዱ፣ አልለያቸውም።

ደረጀን ጠርቼ አንድ ነገር ለመንኩት። ነገ ሠርገኛው ሲበተን ድንኳኑን አታፍርሰው አልኩት። ገመዱን ፈታችሁ እኔ ግቢ አምጡና ትከሉት። ወንበሮቹንም። ሦስት ቀን ለቅሶ እቀመጣለሁ። ሀና ለአገር ሰው ትነግራለች፤ የጽጌ ወንድም ታምራት ዐርፏል፣ መርዶው አሁን ደረሳት ብላ። መቼ ሞተ የሚል ካለ ይጠይቅ፣ እነግረዋለሁ። ሰው መርዶ በሰማበት ቀን ነው የሚያለቅሰው፤ የዘገየ መርዶ ነውር የለበትም። በአማርኛ ነው የማለቅሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገዱ ዳር፣ በመኪና የሚያልፍ ሁሉ እየሰማ።

የሠርግ ድንኳን ለለቅሶ ሲተከል ሰዎች ሟርት ይሉታል ብሎ እንዳያመነታ ሰጋሁ። ቆቡን አወለቀ። ሌላ ሰው አይነካውም፣ ራሴ ተሸክሜ አመጣዋለሁ አለ።